ጥቅልሉ፣ ካሴቱ፣ ፋይሉ፦ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ወደ አዲስ አበባ የመጣበት መንገድ

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ጀመረ። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ የአየር በር ቦሌ ሳይሆን ልደታ ነበር። ዛሬ ፎቅ፣ ፍርድ ቤትና ባቡር የሚታይበት አካባቢ፣ የከተማው ሰው መጪውን ዘመን አንጋጦ የሚያይበት ሰፈር ነበር። ሲኒማ ደግሞ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሩ ገብቷል። በጨለማ ቤት ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ያየው ሕዝብ፣ የመጀመሪያውን የማሳያ አዳራሽ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ፍርሃቱ ብዙም አልቆየም፤ አዳራሾቹ በዙ፤ የልደታም ሰው በሜክሲኮ አድርጎ ወደ ብሔራዊና ወደ አምባሳደር እየወረደ ፊልም ማየት ለመደ። ማየቱ እንዲህ በቶሎ ቢለመድም መሥራቱ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይቷል። የዘገየበት ምክንያት የሰው ችሎታ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው ምክንያት ፊልም የሚሠራበት ዕቃ ነበር።

ያ ዕቃ ጥቅልል ነው። አንድ ሺህ ጫማ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በካሜራ ውስጥ የሚቆየው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። የአንድ ሰዓት ተኩል ታሪክ ተቆርጦ ሲያልቅ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ርዝመት አለው። ለዚያ ደግሞ ብዙ እጥፍ ተቀርጾ መጣል አለበት። የተቀረጸው በኬሚካል ይታጠባል፤ ከታጠበው ኔጋቲቭ ማየት የሚቻል ቅጂ ይታተማል፤ ቅጂው በመቀስ ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፤ ድምፁ ለብቻው ይዘጋጅና ከምስሉ ጋር ይጋጠማል። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ሲኒማ ቤት ሌላ ቅጂ ይታተማል። በማሳያው ክፍል ሁለት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የአንዱ ጥቅልል ሊያልቅ ሲል በምስሉ የቀኝ ላይኛ ጥግ ትንሽ ክብ ምልክት ብልጭ ትላለች፤ ባለሙያው ያቺን ምልክት ጠብቆ ሁለተኛውን ያስነሳል። አንድ ጊዜ ካመለጠችው አዳራሹ በፉጨት ይናጋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፈው የተሠሩት የኢትዮጵያ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኢላላ ኢብሳ ፕሮዲዩሰርነት «ሂሩት አባቷ ማነው» ለሕዝብ ቀረበ። በ1960ዎቹ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እየፈረሰ ሳለ፣ ኃይሌ ገሪማ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ። ተዋናዮቹ በአብዛኛው ሙያተኞች አልነበሩም። ፊልሙ ለዓለም የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በደርግ ዘመን መንግሥት የፊልም ኮርፖሬሽን አቋቋመ፤ ሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር»ን የሠራው በዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ኮርፖሬሽኑም ብዙ ሳይሠራ ተዘጋ።

በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ስለ መጪው ዘመን፣ ስለ ጠፈር ወይም ስለ እንግዳ ማሽን የሚተርክ የለም። ለምን እንደሌለ መረዳት ከባድ አይደለም። በጥቅልል ዘመን አንድ የጠፈር መርከብ በከተማ ላይ እንዲንሳፈፍ ለማድረግ ሞዴሉን መሥራት፣ ለብቻው መቅረጽ፣ ከዚያም ሁለቱን ምስሎች በልዩ ማተሚያ አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ እንደገና ማተም ይጠይቅ ነበር። ጥቅልሉን ገዝቶ ማሳጠብ ለከበደው አዘጋጅ ይህ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ካሜራ በእጁ ያለውን ቀረጸ፤ መሬቱን፣ ገበሬውን፣ ጋብቻውን፣ ደሙን። ታላላቅ ሥራዎች ወጡ፤ ሰማዩ ግን ሳይነካ ቀረ።

ነገሩን መለወጥ የጀመረው የቪዲዮ ካሴት ነው። በ1980ዎቹ ቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ ወደ አዲስ አበባ ሰፈሮች ገባ። በልደታ ነባር መንደሮችም ሆነ በሌላው የከተማ ክፍል ቪዲዮ ቤቶች ተከፈቱ፤ በጠባብ ክፍል አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ በሩ በጨርቅ ተጋርዶ፣ በትንሽ ቴሌቪዥን የውጭ ፊልም ይታይ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ሁለተኛው «ተርሚኔተር» እና በ1993 የወጣው «ጁራሲክ ፓርክ» በኮምፒውተር የተፈጠረ ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ ለብዙኃን ተመልካች ያሳመኑ ፊልሞች ናቸው። በአንደኛው ብረት እንደ ውሃ ፈስሶ መልሶ ሰው ይሆናል፤ በሌላው ከሞተ ስልሳ ሚሊዮን ዓመት ያለፈው ፍጥረት በሣር ላይ ይራመዳል። ቪዲዮ ቤት ገብቶ ያደገው ትውልድ የኮምፒውተር ምስል ምን እንደሚሠራ ያየው ስሙን ሳያውቅ ነው። በዚያው በካሴት ደግሞ ጥቂት ደፋሮች አማርኛ ድራማ መቅረጽ ጀመሩ። ሥራዎቹ ከሙዚቃ ቤትና ከኪራይ ሱቅ አልፈው ሲኒማ ቤት አይገቡም ነበር፤ ሲኒማ የጥቅልል ቤት ነውና።

ከዚያ በኋላ የመጡት አራት ዓመታት ለዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚልቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1999፣ በእኛ ሰኔ 11 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ጆርጅ ሉካስ የ«ስታር ዋርስ» የመጀመሪያ ክፍል በሎስ አንጀለስና በኒው ጀርሲ በአራት አዳራሾች ያለ ጥቅልል፣ በዲጂታል ፕሮጀክተር እንዲታይ አደረገ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግንቦት 8 ቀን 1994 ዓ.ም. ሁለተኛው ክፍል ወጣ። ይህ በሶኒ ከፍተኛ ጥራት ባላቸው ካሜራዎች፣ አንድም የፊልም ጥቅልል ሳይጠቀም የተቀረጸ ትልቅ የስቱዲዮ ሥራ ነው። ካሜራው የቀረጸው ምስል ሳይታጠብ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ተዋናዩ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ ከተማው፣ ሠራዊቱ፣ ፕላኔቱ ኋላ ይሳላል። ሉካስ ይህን ያደረገው በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዞ ነው። የዓለም ሲኒማ ቤቶች ግን ፕሮጀክተራቸውን ለመቀየር እምቢ አሉ፤ ወጪው ከባድ ነው፣ ጥቅሙ ለስቱዲዮ ነው ብለው ተከራከሩ። ብዙዎቹ የቀየሩት ከዚያ ሰባትና ስምንት ዓመት ቆይተው ነው።

በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ ተመሳሳይ ዕርምጃ ወሰደች፤ ያነሳሳት ግን ሌላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሄለን ታደሰ «የበረዶ ዘመን» እና የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ሲኒማ ቤት ገቡ። በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩ ናቸው፤ በቪዲዮ ፕሮጀክተርም ታዩ። ተመልካቹ ተሰለፈ፤ አዳራሹ ሞላ። የጥቅልል ዋጋ የዘጋውን በር ካሴቱ ከፈተው። ሆሊውድ ከሀብት ብዛት የገባበትን በር አዲስ አበባ ከእጥረት ብዛት ገባችበት። አንድ ትልቅ ነገር ልብ እንበል፦ የኒው ዮርክና የፓሪስ ሲኒማ ቤቶች ገና ጥቅልል ሲያዞሩ፣ የአማርኛ ፊልም ከቀረጻ እስከ ዕይታ ያለ ጥቅልል ይኖር ነበር። ይህን የምናነሳው ለመኩራራት አይደለም፤ የምስሉ ጥራት ደካማ፣ ድምፁም የሚያስቸግር እንደነበር ያየ ሁሉ ያውቃል። ግን በዲጂታል መንገድ ፊልምን ለሕዝብ በመሸጥ አገራችን ከጭራ አልነበረችም፤ ይህ በታሪካችን በቅጡ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

የካሴቱ አሠራር በቅርብ ሲታይ ለምን በር ከፋች እንደሆነ ይገባል። ሚኒ ዲቪ የተባለው ካሴት ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ሰዓት ይቀርጻል፤ የሚይዘው መረጃ 13 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። አይታጠብም። የተቀረጸው እዚያው ወደ ኋላ ተመልሶ ይታያል፤ ያልተወደደው ይደገማል። ከካሜራው ወደ ኮምፒውተር በአንድ ገመድ ይገለበጣል፤ ኤዲተሩ በአንድ ክፍል ተቀምጦ ቆርጦ ይቀጥላል፣ ቀለም ያስተካክላል፣ ሙዚቃ ያስገባል። ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ባለሙያ ሰኞ ሠርጉን ጨርሶ ማክሰኞ ፊልም ላይ መሥራት ይችላል። በእርግጥም ብዙዎቹ የካሜራና የኤዲቲንግ ሰዎች የወጡት ከሠርግና ከክሊፕ ሥራ ነው። ፈተናው ሌላ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ገደማ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ ሌሊቱን ምስል ሲያቀናብር (ሬንደር ሲያደርግ) ያደረ ኮምፒውተር ንጋት ላይ ድርግም ይልና የሌሊቱ ሥራ ይጠፋል። ጄኔሬተር ያለው ስቱዲዮ የማስከፈያ ዋጋውን የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነበር።

በሩ ሲከፈት የገባው በአብዛኛው ፍቅርና ቀልድ ነው። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ገበያው የጠየቀው እሱን ነው፤ በቤትና በካፌ ሊቀረጽ የሚችለውም እሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሠራዊት ፍቅሬ በ«ሰማያዊ ፈረስ» ዓባይን መነሻ አድርጎ ትልቅ አገራዊ ጉዳይ ወደ ሲኒማ አመጣ። የአማርኛ ፊልም ከፍቅር ጭውውት ወጥቶ ስለ አገር ዕጣ ፈንታ መጠየቅ እንደሚችል የታየበት ሥራ ነው። ቴዎድሮስ ተሾመ ሴባስቶፖል ሲኒማን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዓለም ሲኒማን ከፈቱ፤ በቦሌ ኤድና ሞል ደግሞ ማቲ ሲኒማ የሆሊውድ አዳዲስ ፊልሞችን ያሳይ ጀመር። በአንድ በኩል ከተማው በየሳምንቱ አዲስ አማርኛ ፊልም ያስመርቃል፤ በሌላ በኩል በዚያው ከተማ የዓለም ታላላቅ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ይታያሉ። ሁለቱ መንገዶች ጎን ለጎን ቢሄዱም አልተገናኙም ነበር።

መገናኛው የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የተባለውን የፎቶ ካሜራ አወጣ። ካሜራው ሙሉ ጥራት ያለው ቪዲዮ ይቀርጻል፤ የሌንሱን ውበት ይሰጣል፤ በትከሻ ቦርሳ ይያዛል። በማግስቱ ዓመት ኒል ብሎምካምፕ በጆሃንስበርግ «ዲስትሪክት 9»ን ሠራ፤ በከተማዋ ሰማይ ላይ ቆሞ የቀረ ትልቅ መርከብ፣ ከሥሩ የተፈናቀሉ ፍጥረታት የሰፈሩበት መንደር። በ30 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው ፊልም ከ200 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በዚያው ዓመት ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ «ፑምዚ» የተባለ አጭር ፊልም ሠራች፤ ውሃ ከምድር ገጽ ከጠፋ በኋላ ከመሬት በታች ስለሚኖሩ ሰዎች ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ እንግሊዛዊው ጋሬዝ ኤድዋርድስ «ሞንስተርስ»ን በጥቂት ሰዎች፣ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ገንዘብ ቀርጾ፣ 250 የሚጠጉ የኮምፒውተር ትዕይንቶችን ራሱ በቤቱ ሠራ። ሰውየው ከጥቂት ዓመት በኋላ የ«ስታር ዋርስ» ፊልም እንዲያዘጋጅ ተጠራ። ትልቅ ሰማይ ለመሥራት ትልቅ ስቱዲዮ የግድ እንዳልሆነ ዓለም ተረዳ።

እዚህ ላይ የሥራውን ዓይነት ማየት ተገቢ ነው። አንድ መርከብ በሜዳ ላይ እንዲንሳፈፍ የሚፈልግ አዘጋጅ በመጀመሪያ ሜዳውን ይቀርጻል። ከዚያ በኮምፒውተር የመርከቡን ቅርጽ ያንጻል፤ ዝገት፣ አቧራ፣ ጭረት ይቀባዋል። የፀሐዩ አቅጣጫ በሜዳው ላይ ከየት እንደሚመጣ አጥንቶ በመርከቡም ላይ ብርሃኑን ከዚያው ያመጣል። በመሃል አንድ ሰው ወይም አንድ ዛፍ በመርከቡ ፊት የሚያልፍ ከሆነ፣ የሰውየውን ዳር በየፍሬሙ እየተከተለ ይቆርጣል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። በመጨረሻም ሩቅ ነገር እንደሚደበዝዝ ሁሉ መርከቡን በጥቂት ጭጋግ ያደበዝዘዋል። ተመልካቹን የሚያሳምነው ይህ የመጨረሻው ጭጋግ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የተማረ ሰው ግን ይበቃዋል።

በእነዚህ ዓመታት አዲስ አበባ ራሷ የፊልም ትዕይንት ትመስል ነበር። በልደታ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጭቃ ቤቶች የበዙበት ነባር መንደር ፈርሶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ተተከለ። በአንድ ወገን ፍርስራሽ፣ በሌላ ወገን ክሬን። የከተማው ባቡር ድልድይ በልደታ በኩል መዘርጋት ጀመረ። አሮጌው ዓለም በዓይን ፊት ሲያልቅና አዲሱ ሲቆም ያየ ሰው ስለ ፍጻሜና ስለ ጅማሬ የሚተርክ ፊልም ባዕድ አይሆንበትም።

ያ ፊልም በጥር 2007 ዓ.ም. በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ስሙ «ክራምብስ» ይባላል፤ አዘጋጁ በአዲስ አበባ የኖረው ስፔናዊ ሚጌል ያንሶ ነው። ቀደም ሲል «ችግር አለ» የተባለ አጭር ፊልም ከተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ጋር ሠርቷል። «ክራምብስ»ን ላንሳዴራ ፊልምስና ቢራቢሮ ፊልምስ ፕሮዲውስ አደረጉት፤ ካሜራውን እስራኤል ሴዋኔ ያዘ፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ መሪ ሆነው ተወኑበት። ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ተዋናዮቹ አማርኛ ይናገራሉ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ተብሎ በዓለም ተዋወቀ።

ታሪኩ ከታላቅ ጥፋት በኋላ ይጀምራል። የሰው ዘር ሊያልቅ ደርሷል፤ ጦርነቱ አብቅቶ ሁሉም ነገር ደክሟል። በሰማይ ላይ ዘመናት የቆየ ትልቅ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል፤ ዝገቱ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም። በተተወ የቦውሊንግ አዳራሽ ውስጥ ካንዲና በርዲ የተባሉ ፍቅረኞች ይኖራሉ። አንድ ቀን የአዳራሹ ማሽን በራሱ ኳስ መመለስ ይጀምራል፤ መርከቡ ሊነቃ ነው የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ካንዲ ከሌላ ፕላኔት እንደመጣና መርከቡ ወደ ቤቱ እንደሚመልሰው ያምናል፤ መንገዱን ሊጠይቅ ይጓዛል። በጉዞው ላይ የጥንቱ ዘመን ዕቃ፣ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ታላቅ ቅርስ ይሸጣል፤ በርዲ ደግሞ በማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ትጸልያለች።

የፊልሙ ኃይል ከዚህ ይመጣል። ሌላ አዘጋጅ በሚሊዮን ዶላር በስቱዲዮ ሊያንጸው የሚገደደውን ዓለም የኢትዮጵያ መሬት ዝግጁ አድርጎ ጠበቀው። የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ ጨው፣ ከባሕር ወለል በታች መቶ ሜትር የሚያልፍ ዝቅታ፣ የተተዉ ሕንፃዎች፤ ለእነዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። ኮምፒውተር ያስፈለገው ለሰማዩ ነው፤ ለመርከቡ። የዲጂታል ጥበብ ሚዛን እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል፤ ያለውን ሳይሸፍን የሌለውን ይጨምራል። ዳንኤል ታደሰ በዚያ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲራመድ የሚሰማው ድካም ከኮምፒውተር አይመጣም፤ የተዋናይ ነው። የዳንኤል መራመድና የሰላም ፊት ባይኖሩ መርከቡ ባዶ ሥዕል በሆነ ነበር።

ዓመቱ ተለውጦ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። 34 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መስመር ወደ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። የሰሜን ደቡቡና የምሥራቅ ምዕራቡ መስመር ከልደታ በተግባረ ዕድ፣ በሜክሲኮና በለገሃር አድርገው እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ አንድ ድልድይ ይጋራሉ። ፊልሙና ባቡሩ የዘመን ጓደኛሞች ናቸው። ባቡሩ ግን በየሰፈሩ ጣቢያ ሲኖረው ፊልሙ ጣቢያ አጣ። ሮተርዳም አይቶታል፤ በየአህጉሩ ያሉ ፌስቲቫሎች ጋብዘውታል፤ የአዲስ አበባ ተራ ተመልካች ግን ስሙን እንኳ በደንብ አልሰማም። የታሪኩ ሁለተኛ ግማሽ፣ የማሰራጨቱ ጉዳይ፣ ከዚህ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 «አቫታር» ሲወጣ የዓለም ሲኒማ ቤቶችን እምቢታ ሰበረ። በሦስት ገጽታ ለማየት ዲጂታል ፕሮጀክተር በአብዛኛው የግድ ነበር፤ ተመልካቹ ስለጎረፈ አዳራሾቹ ገዙ። ከዚያ በኋላ ታላላቅ ፊልሞች የሚላኩት በሃርድ ዲስክ ወይም በሳተላይት ነው። ፋይሉ ብዙ ጊዜ ከመቶ ጊጋ ባይት ይበልጣል፤ ደግሞም የተቆለፈ ነው። ስቱዲዮው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክተር የተለየ ዲጂታል ቁልፍ ይልካል፤ ቁልፉ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ በዚህ አዳራሽ ብቻ ይከፍታል። ቀኑ ሲያልፍ ፋይሉ ዲስኩ ላይ እያለ ይሞታል። በየካቲት 2010 ዓ.ም. «ብላክ ፓንተር» በዓለም ዙሪያ ሲወጣ ለአዲስ አበባ ተመልካችም በዚያው ሰሞን የደረሰው በዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው። ቅኝ ያልተገዛች፣ በቴክኖሎጂ የመጠቀች አፍሪካዊት አገር የሚያሳየው ይህ ፊልም ከአልባሳቱ ውስጥ ከደቡብ ኦሞ ሕዝቦች የከንፈር ጌጥ የወሰደ ነው። ወደ 1.3 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል። የእኛ ጌጥ በዓለም ሰማይ ላይ በቁልፍ ተጠብቆ ዞረ።

የእኛ ፊልምስ እንዴት ይዞራል? ለረጅም ጊዜ መንገዱ ይህ ነበር፦ ፊልሙ ይመረቃል፤ በሲኒማ ቤቶች ለሳምንታት ይታያል፤ ከዚያ በቪሲዲ ይወጣል፤ በወጣ በቀናት ውስጥ ተገልብጦ በየመንገዱ ይሸጣል። ፕሮዲዩሰሩ ገንዘቡን የሚመልሰው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደፍርም። ቪሲዲ ሲሞት ፍላሽ ተተካ። በልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ካሉት ጠባብ ሱቆች አንዱን እንውሰድ። አንድ ኮምፒውተር፣ በጎኑ የተደረደሩ የሃርድ ዲስክ ሣጥኖች፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፉ ፖስተሮች አሉ። ደንበኛው ፍላሹን ያቀብልና «አዲስ ነገር ጫንልኝ» ይላል። ልጁ ፎልደሮቹን ይከፍታል፤ አክሽን፣ የህንድ ትርጉም፣ ተከታታይ፣ ሳይንስ ፊክሽን። ይመርጣል፣ ይገለብጣል፤ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት ሥራ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በጣት የሚያህል ዕቃ ላይ ያድራል። ደንበኛው ጥቂት ብር ከፍሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ሱቅ በቁጣ ብቻ መናገር ቀላል ነው። የሠሪውን እንጀራ እንደሚወስድ ግልጽ ነው። ነገር ግን በአገሩ ውስጥ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ለተራው ወጣት ያዳረሰ ሌላ ተቋም አልነበረም። ቪዲዮ ቤቱ ለ1980ዎቹ ልጅ የሆነውን የፍላሽ ሱቁ ለ2000ዎቹ ልጅ ሆነ። ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው ግን ለመምህሩ አይደርስም። በሱቁ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆሊውድ ሁሉ ይገኛል፤ «ክራምብስ» ግን አይገኝም።

ሚጌል ያንሶ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2019 «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» የተባለ ሁለተኛ ረጅም ፊልሙን አወጣ። ኢትዮጵያ፣ ኢስቶኒያ፣ ስፔንና ሌሎችም አገሮች ተባብረው የሠሩት ሲሆን፣ ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ የተባለ የስለላ ሰው ሆኖ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ቫይረስ ያሳድዳል። የኮምፒውተሩ ዓለም ሆን ተብሎ በአሮጌ ምስልና በወረቀት ጭምብል ተሠርቷል። ዲጂታል ሁሉን ማድረግ በሚችልበት ዘመን አዘጋጁ በእጅ የተሠራውን መረጠ። ከዚያ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ሲኒማ ቤቶች ተዘጉ። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎች ወደ ዩቲዩብና ወደ ሳተላይት ቴሌቪዥን ፊታቸውን አዞሩ። በውጭ የሚኖረው ወገን በእጁ ስልክ፣ በፈለገው ሰዓት የአገሩን ፊልም ማየት ቻለ። በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ።

ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል ስናየው አንድ ነገር ይወጣል። ዲጂታል በኢትዮጵያ የፊልምን መሥሪያ በር ከሃያ ዓመት በፊት ከፍቷል፤ የማዳረሻውን በር ግን እስከ ዛሬ ግማሹን ብቻ ነው የከፈተው። መርከብን በሰማይ ማንሳፈፍ ተችሏል፤ መርከቡን የሚያሳይ አዳራሽ፣ ዋጋውን ለሠሪው የሚመልስ ሥርዓት፣ ሥራውን የሚጠብቅ ማኅደር አልተሠራም። የኃይሌ ገሪማ ጥቅልል በ1966 ዓ.ም. ቢቀረጽም እ.ኤ.አ. በ2006 ታድሶ ዛሬም በጥራት ይታያል። በ1995 ዓ.ም. በሚኒ ዲቪ የተቀረጸ አማርኛ ፊልም ግን ማጫወቻው ከገበያ ጠፍቶበታል፤ ካሴቱ ሻገተ ማለት ፊልሙ የለም ማለት ነው። ዲጂታል ርካሽ ስለሆነ ብቻ ዘላቂ አይደለም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የ1990ዎቹ ካሴቶች ዛሬ ነገ ሳይባል ወደ ፋይል መገልበጥና ቢያንስ በሁለት ቦታ መቀመጥ አለባቸው፤ ይህን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ሊሠራው ይችላል። ሲኒማ ቤቶች ለሆሊውድ የሚቀበሉትን የቁልፍ ሥርዓት ለአገር ፊልምም መተግበር ይችላሉ፤ ቴክኖሎጂው እጃቸው ላይ ነው። የፍላሽ ሱቁ ልጅ በሕጋዊ ውል የአገር ፊልም አከፋፋይ ቢሆን፣ በየሰፈሩ የተዘረጋ የሥርጭት መረብ ያለ አንድ ብር ግንባታ ተገኘ ማለት ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን ደግሞ ከኤሌክትሮኒክስ ጎን የምስል ቅንብር ቢያስተምሩ፣ መርከቡን የሚያንሳፍፈው እጅ ከዚሁ ይወጣል። በልደታ ፎቅ ላይ በአሮጌ ላፕቶፕ ሦስት ገጽታ ምስል መሥራት ከዩቲዩብ የሚማር ወጣት ዛሬ አለ። እሱ የሚያስፈልገው ጥበብ በከፊል በእጁ ነው፤ የጎደለው የሠራው ሥራ ከሰው ዓይን ደርሶ ዋጋ ይዞ የሚመለስበት መንገድ ነው። ያ መንገድ ሲሠራ የአማርኛ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም የፌስቲቫል እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የአገሩ ተመልካች የራሱ ይሆናል።